ለትንሽ የኮራል አኳሪየም የማጣሪያ ቁሶች አመራረጥ፦ መሀል አዲስ አበባ ለሚኖሩ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ባለ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ስልሳ ሊትር ገደማ የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አቁሞ ኮራል የሚባለውን በባሕር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳና ሁለት ሦስት ትንንሽ ዓሣዎችን ለዓመታት በጤና ማኖር ይቻላል። ይሁንና ስለ ማጣሪያ የሚገኘው ምክር በአብዛኛው የተጻፈው በባሕር ዳርቻ ከተማ ለሚኖር፣ መብራት ለማይጠፋበትና ያለቀበትን ዕቃ በማግስቱ ከሱቅ ለሚያገኝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ ለባሕር አኳሪየም የሚሆን ዕቃም ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱን ቁስ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ዕቃው ቢያልቅ አኳሪየሙ ያለ እርሱ መቆየት ይችላል ወይ? የኮራሎቹን ሕይወት የሚሸከመው ቁስ የማያልቅ መሆን አለበት፤ የሚያልቀው ሁሉ በረዳትነት ብቻ ይግባ።

1. የውሃውን ትክክለኛ መጠን ይወቁ

የማንኛውም ቁስ መጠን የሚሰላው በውስጡ ባለው ውሃ እንጂ በመስታወቱ ልክ አይደለም። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 36 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መስታወት በስሌት 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ነገር ግን ውሃው እስከ አፉ ስለማይሞላ፣ ድንጋዩና አሸዋውም ቦታ ስለሚይዙ በተግባር የሚገኘው 50 ሊትር ያህል ነው። መጀመሪያ ሲሞሉ ውሃውን በባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየለኩ ያስገቡና የገባውን መጠን ጽፈው ከመስታወቱ ጀርባ ይለጥፉት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መጠኖች ሁሉ ለ50 ሊትር ውሃ የተሰሉ ናቸው።

2. የማጣሪያ ቁስ ከመግዛትዎ በፊት የሚገባውን ውሃ ያጣሩ

የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣ ሲሆን ለመጠጥ እንዲሆን በክሎሪን ይታከማል። ለሰው የሚስማማ ውሃ ግን ለኮራል ላይስማማ ይችላል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚገኙ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት በየሳምንቱ በምንለውጠው ውሃና በትነት የጎደለውን ለመተካት በምንጨምረው ውሃ አማካይነት ገብተው ይጠራቀማሉ። በአንድ በር እያስገቡ በሌላው በር በውድ ቁስ ለማውጣት መሞከር ገንዘብ ማባከን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ግዢ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራው የሪቨርስ ኦስሞሲስ መሣሪያ ይሁን።

መሣሪያው ደለል የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ፣ ክሎሪን የሚያስቀር ካርቦን፣ ሜምብሬን የሚባለው ስስ ሽፋንና በመጨረሻም የቀረውን ማዕድን የሚለቅም ዲ-አይ ሬዚን ሊኖረው ይገባል። ክሎሪን ሜምብሬኑን ስለሚያበላሸው ካርቦኑን በወቅቱ መቀየር የግድ ነው። ሜምብሬኑ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር በሚደርስ ግፊት ሲሆን፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርና በላይኛው ፎቅ ላይ ይህ ግፊት አይገኝም፤ ስለዚህ ከሮቶው ወደ መሣሪያው የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ስለሚፈስ፣ የሚፈሰውን በሳፋ አጠራቅመው ለልብስ ማጠቢያና ለመጸዳጃ ይጠቀሙበት። የሚወጣውን ንጹሕ ውሃ በቲ-ዲ-ኤስ ሜትር (በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር መለኪያ) ይለኩ፤ ንባቡ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ መውጣት ሲጀምር ሬዚኑ አልቋል።

ጨውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ከአፍዴራ የሚመጣው የገበታ ጨውም ሆነ ከዳናኪል የሚቆረጠው አሞሌ ባሕርን አይተካም። ሁለቱም ሶዲየም ክሎራይድ በብዛት የያዙ ሲሆኑ ኮራል አፅሙን የሚሠራባቸውን ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት በሚፈለገው ምጣኔ አልያዙም። ለሪፍ (ለኮራል አኳሪየም) ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ብቻ ይጠቀሙና የጨውነቱን መጠን ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ በሺህ 35 ላይ ያቁሙት።

3. ዋናውን ማጣሪያ ከድንጋይ ይሥሩ

ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ በመጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰው ናይትሬት የሚለውጡት በድንጋይና በአሸዋ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባዮሎጂያዊ የማጣሪያ ቁስ የሚባለው በሙሉ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ቤት ከመሆን ያለፈ ሥራ የለውም፤ ዋናው ነገር ቀዳዳው መብዛቱና ውሃ በውስጡ ማለፉ ነው። ውሃ በዝግታ በሚደርስበት የድንጋዩ እምብርት ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያልቅ፣ እዚያ የሚኖሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ይህንን ሁለተኛ ሥራ ትንንሽ የሴራሚክ ቀለበቶች ብዙም አይሠሩትም፤ ደህና ውፍረት ያለው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ግን ይሠራዋል።

ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ (ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሰፈሩበት) እዚህ ድረስ በሕይወት ማድረስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ እኔ የምመርጠው ደረቅ የአራጎናይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ድንጋይ ነው፤ ለ50 ሊትር ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይበቃል። ድንጋዩን ሲገዙ በእጅዎ ያመዛዝኑት፤ ለመጠኑ ቀላል የሆነው ባዶ ቦታ በውስጡ ስላለው ይሻላል። የድንጋዩን ዓይነት ከተጠራጠሩ ጥቂት አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ አራጎናይትና የኖራ ድንጋይ ወዲያው አረፋ ያወጣሉ፣ ባዛልት ግን ዝም ይላል። ለኮብልስቶን የሚጠረበው ባዛልት ጠጣርና ቀዳዳ አልባ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። ደረቅ ድንጋይ ከጥንት የቀረ ፎስፌት ሊኖርበት ስለሚችል አኳሪየም ውስጥ ከመግባቱ በፊት በባልዲ የጨው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ውሃው እየተለወጠ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ።

አኳሪየሙ ከጀርባው ክፍልፋይ ካለውና ተጨማሪ የባክቴሪያ ቤት ማስገባት ከፈለጉ፣ ከውጭ የሚመጣውን የመስታወት ወይም የሴራሚክ ብሎክ ከመፈለግዎ በፊት በአገር ውስጥ ያለውን ፑሚስ ይመልከቱ። ይህ ለብሎኬት ማምረቻ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። በሽምብራና በለውዝ መካከል ያለውን መጠን ይምረጡና ውሃው እስኪጠራ አጥበው ለአንድ ሰዓት ያፍሉት፤ ሲፈላ በቀዳዳው ያለው አየር ስለሚወጣ ቀድሞ ይንሳፈፍ የነበረው አብዛኛው ይሰምጣል፤ ያልሰመጠውን ይጣሉ። ከዚያም በጨው ውሃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ነክረው ውሃውን በፎስፌት መለኪያ ይፈትሹ። ከ0.1 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ካሳየ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከሌላ ክምር ያመጡትን ይሞክሩ። ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ስኮሪያን፣ ግን አልመክርም፤ ብረት የበዛበትና ጠርዘ ሹል ነው፣ ብናኙም ቶሎ አያልቅም።

ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ አሞኒያ እስከ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ጨምረው ውሃውን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያቆዩት። የጨመሩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይትም ዜሮ ሲያነብ ባክቴሪያዎቹ ሰፍረዋል ማለት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ሙቀት የመታው ከሆነ ባዶ ውሃ ስለሚሆን በእርሱ ተማምነው መለኪያውን አይተዉ።

4. የአየሩን መሳሳትና የመብራቱን መጥፋት አስቀድመው ያስቡ

በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጨውነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ መያዝ የሚችለው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ባክቴሪያዎቹ በአሞኒያ መልክ ያለ አንድ ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ማጣሪያው ራሱ ከዓሣው ጋር ለኦክስጅን እንደሚሻማ ይገባዋል። ስለዚህ ዓሣው ጥቂት፣ የውሃው ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ በፓምፕ የሚናወጥ ይሁን።

ከዚህ የሚከተለው ምርጫ ግልጽ ነው፤ ተዘግቶ ከአኳሪየሙ ሥር የሚቀመጠውን የካኒስተር ማጣሪያ ለዚህ ከተማ አልመርጥም። መብራት ሲጠፋ በተዘጋው ዕቃ ውስጥ የቀረው ውሃ ኦክስጅኑ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፣ ባክቴሪያዎቹም መሞት ይጀምራሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ያንን የተበላሸ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ኮራሎቹ ይተፋዋል። በጎን የሚንጠለጠል ወይም ከጀርባ ክፍት ክፍል ያለው ማጣሪያ ይሻላል። ካኒስተር ካለዎትና መብራት ከሁለት ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከቆየ፣ መብራቱ ከመመለሱ በፊት ከሶኬቱ ይንቀሉት። ከዚያም ከፍተው ያሽትቱት፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሸተተ ውስጡ ያለውን ውሃ ደፍተው ቁሱን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት።

ድንጋዩ ዋናው ማጣሪያ ከሆነ በጨለማ ሰዓት የሚያስፈልገው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕና አየሩን ወደ ጥቃቅን አረፋ የሚበትን አንድ የአየር ድንጋይ ብቻ ነው። ይህች መሣሪያ ከማናቸውም ውድ የማጣሪያ ቁስ በፊት መገዛት አለባት፤ መብራት ሲጠፋ ራሷ የምትነሣው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ ቤት ሰው በማይኖርበት ሰዓት ታድናለች።

5. ቆሻሻ የሚይዘውን ቁስ ቀጭን አድርገው ቶሎ ቶሎ ይለውጡ

የስፖንጅና የጥጥ ሥራ ተንሳፋፊውን ቆሻሻ ወደ አሞኒያ ከመለወጡ በፊት ይዞ መውጣት ነው። ቆሻሻው እስካልወጣ ድረስ በጥጡ ላይ ሆኖም በውሃው ውስጥ መበስበሱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጥጡ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይጣል፣ ስፖንጁም በየሳምንቱ ይጠብ። ለዚህ ሥራ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። መርካቶ የሚሸጠው የትራስ መሙያ ነጭ ፖሊስተር በጥጥነት በትክክል ያገለግላል፤ ሽታና ቀለም የሌለው፣ ፀረ-ነፍሳትም ሆነ እሳት መከላከያ ያልተነካ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። አንድ እፍኝ ወስደው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አጥብቀው ይሹት፤ ውሃው አረፋ ከያዘ ወይም ከቅባት የተነሣ ገጹ ካብረቀረቀ አይግዙት። የወንበር ስፖንጅ ሲመርጡም እንዲሁ ያድርጉ፤ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ግን ሳሙና ወይም ፀረ-ባክቴሪያ ስለሚጨመርበት ከነጭራሹ አይግባ።

የጥጡ ንብርብር ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ወፍራም ጥጥ ሲደፈን ውሃው በላዩ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይጣራም።

6. አክቲቬትድ ካርቦን

ካርቦን ከኬሚካላዊ ቁሶች ሁሉ በቅድሚያ የሚገባው ነው። ውሃውን ቀስ በቀስ ቢጫ የሚያደርጉትን ውህዶች፣ እርስ በርስ የሚጎራበቱ ለስላሳ ኮራሎች የሚለቁትን መርዝና ከአየር የገቡ ብዙ ነገሮችን ይይዛል። አሞኒያን፣ ናይትሬትንና ፎስፌትን ግን አይዝም፤ በዚህ ረገድ ካርቦን ላይ ተስፋ መጣል ስሕተት ነው።

በመሀል አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ካርቦን የተለየ ጥቅም አለው። ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበትና በከሰል ምድጃ አጠገብ የሚቀመጥ አኳሪየም በፓምፑና፣ ካለ፣ በስኪመሩ (በአየር አረፋ ቆሻሻን የሚያወጣ መሣሪያ) አማካይነት የሳሎኑን አየር ወደ ውሃው ይስባል። የዕጣኑ ጭስና ለትንኝና ለበረሮ የሚነፋው መድኃኒት በዚህ መንገድ ይገባሉ፤ መድኃኒቱ በተለይ ለሽሪምፕና ለሸርጣን ገዳይ ነው። የአየር ፓምፑን ቱቦ ጫፍ በመስኮት አጠገብ ማድረግ፣ ቡናውንም ከተቻለ በረንዳ ላይ ማፍላት ይረዳል፤ ይህ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውሃውን ፒ-ኤች እንዳያወርደውም ይጠቅማል። ፀረ-ነፍሳት መርጨት ግድ ከሆነ ፓምፑን አጥፍተው አኳሪየሙን በላስቲክ ይሸፍኑ፤ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ፓምፑን መልሰው አዲስ ካርቦን ያስገቡ።

የምድጃ ከሰል የአክቲቬትድ ካርቦን ምትክ አይሆንም። አክቲቬትድ ካርቦን በእንፋሎትና በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ ውስጡ የተቦረቦረ በመሆኑ የአንዲቱ ግራም የውስጥ ስፋት በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የምድጃ ከሰል እንዲህ ያለ ውስጥ የለውም፣ በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሺየምና ፎስፌትም ወደ ውሃው ይወርዳል። ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሸጠው የኮኮናት ካርቦን ከተገኘ መጠቀም ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ ግን እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ውሃ የሚያቀልሙትን ትልልቅ ውህዶች ለመያዝ ከድንጋይ ከሰል የተሠራው ይበልጠዋል።

አዲስ ካርቦን ሲገዙ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ውሃ ውስጥ አሳድረው ፎስፌቱን ይለኩ፤ በፎስፎሪክ አሲድ የተዘጋጀ ካርቦን ፎስፌት ስለሚለቅ በዚህ ፈተና ይጋለጣል። የተመረጠውን በጥሩ ወንፊት ላይ አድርገው በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፤ መጀመሪያ እንደ ቀለም ጥቁር ውሃ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ግራጫ ይሆናል፣ በመጨረሻ ጣትዎን ቢያሹበት ጥቁር የማይተው እስኪሆን ይቀጥሉ። ከዚያም በንጹሕ ያልተለበሰ ስቶኪንግ ውስጥ አስገብተው ቋጥረው ጥጡን ያለፈ ውሃ በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት።

ለ50 ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ካርቦን ኖሮበት በማያውቅ አኳሪየም ውስጥ ሲያስገቡ በአንድ ማንኪያ ይጀምሩ፤ ቢጫው ውሃ በአንድ ጊዜ ሲጠራ መብራቱ ኮራሉ ላይ ስለሚበረታ ሊያነጣው ይችላል። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ነጭ ሲኒ ከአኳሪየሙ አንድ ጫፍ ያስቀምጡና ከሌላው ጫፍ በውሃው ውስጥ ይመልከቱት። ሲኒው ወተት መስሎ ከታየ ካርቦኑ እየሠራ ነው፤ ወደ ቅቤ መልክ ካደላ ይለውጡት። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በአንድ ወር ገደማ ነው።

7. ፎስፌት የሚይዘውን የብረት ኦክሳይድ ሳይለኩ አያስገቡ

በእኔ እምነት ለትንሽ አኳሪየም ከሚሸጡ ቁሶች ሁሉ በጥንቃቄ ጉድለት ብዙ ኮራል የሚጎዳው ይህ ቡናማ ቅንጣት ነው። ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ኮራልም በውስጡ ያለው አልጌም ጥቂት ፎስፌት ይፈልጋሉ። ፎስፌቱ በድንገት ወደ ዜሮ ሲወርድ ኮራሉ ይገረጣል፣ ሥጋውም ከአፅሙ ይለያል፤ በባዶው ቦታ ደግሞ ዳይኖፍላጄሌት የሚባለው ቡናማ ለጋጋ ነገር አሸዋውን ይወርሰዋል፤ እርሱን ማስወጣት ከተራው አልጌ እጅግ ይከብዳል።

ዒላማው ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ፎስፌት በሊትር፣ ናይትሬቱም ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። የቀለም ካርድ ያለው ርካሽ መለኪያ ይህን ያህል ዝቅተኛ ፎስፌት በትክክል አይለይም፤ የውሃውን ቀለም በብርሃን ለክቶ ንባቡን በዲጂታል የሚሰጠው ኮሎሪሜትር ያስፈልጋል። በሚመጣው ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ለአንድ ዕቃ ብቻ ቦታ ካለ፣ ቁሱን ትተው መለኪያውን ያስመጡ።

ፎስፌቱ ከ0.1 በላይ ሆኖ ሁለት ሳምንት ከቆየ በመጀመሪያ ምግቡን ይቀንሱ፣ የቀዘቀዘውንም ምግብ በማጥለያ አለቅልቀው ይስጡ፣ በየሳምንቱ 5 ሊትር ውሃ መለወጥዎን ያረጋግጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልወረደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብረት ኦክሳይድ ዝገት የመሰለው ውሃ እስኪጠራ አጥበው በስቶኪንግ ያስገቡ። በሁለተኛው ቀን ይለኩ። በሳምንት ከግማሽ በላይ እንዳይወርድ፣ ፈጥኖ ከወረደ ቁሱን ያውጡት። የውሃው አልካሊኒቲም (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) አብሮ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ዲ-ኬ-ኤች በሚባለው መለኪያ ከ7 እስከ 9 መካከል መሆኑን ይከታተሉ። በአሉሚኒየም የተሠራው ነጭ ዓይነት ለስላሳ ኮራሎችን ሊያኮማትር ስለሚችል እኔ አልመርጠውም።

8. ያለ እነርሱ መኖር የሚቻልባቸው

ዜኦላይት የሚባለው ባለ ቀዳዳ ማዕድን በጨዋማ ባልሆነ ውሃ አሞኒያን ይይዛል፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ግን ሶዲየሙ ቦታውን ስለሚሻማው ለአሞኒያ ብሎ መግዛት ከንቱ ነው። ባዮፔሌት የሚባለው ባክቴሪያን የሚመግብ ቁስ ኦክስጅን ስለሚፈጅና ጠንካራ ስኪመር ስለሚፈልግ በዚህ ከፍታ ለትንሽ አኳሪየም አይስማማም። የፕላስቲክ ባዮ-ቦል ድንጋይ ባለበት አያስፈልግም።

ፑሪጅን የሚባለው ሬዚን ግን ከሌሎቹ ለየት ያለ ነው። ናይትሮጅን ያላቸውን ኦርጋኒክ ውህዶች ይዞ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከዚያም በፋብሪካው መመሪያ መሠረት በበረኪና ታጥቦ እንደገና ያገለግላል፤ ዕቃ ለመተካት በሚያስቸግርበት አገር ይህ ትልቅ ጠባይ ነው። በረኪናው ሽቶና ሳሙና የሌለበት ተራ በረኪና መሆን አለበት፣ በኋላም ክሎሪኑ በክሎሪን ማጥፊያ ጨርሶ መወገድ አለበት። ሌሎች ሬዚኖችን፣ ካርቦንንም ሆነ ብረት ኦክሳይድን ግን በዚህ መንገድ ለማደስ አይሞክሩ።

9. በቅደም ተከተል ያስገቡ፣ ትርፉንም በጥንቃቄ ያኑሩ

ድንጋዩ ከመጀመሪያው ቀን ይገባል። ጥጡ የመጀመሪያው ዓሣ ሲገባ፣ ካርቦኑ የመጀመሪያው ኮራል ሲገባ ይጀምር፤ ብረት ኦክሳይድ መለኪያው ሲጠይቅ ብቻ። በማጣሪያው ክፍል ውስጥ ውሃው በቅድሚያ ጥጡን፣ ቀጥሎ ካርቦኑን፣ በመጨረሻ ፑሚሱን ይለፍ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፑሚሱ በደለል ተደፍኖ የናይትሬት ምንጭ ይሆናል። ሁለት ቁስ በአንድ ቀን አይለውጡ፤ ኮራሉ ቢኮማተር የትኛው እንዳስቆጣው ማወቅ አይቻልም።

የሦስት ወር ካርቦንና አንድ ትርፍ የዲ-አይ ሬዚን ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ይኑር። ካርቦን ከአየርም ሽታና እንፋሎት ስለሚይዝ በኩሽና መደርደሪያ ላይ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ውሃ ሳይነካው ሥራውን ጨርሶ ይጠብቅዎታል። ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ያድርጉትና የተከፈተበትን ቀን ጽፈው ከበርበሬና ከጋዝ ርቆ በሚገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት።